የኤምኤልኤስ ፕሌይኦፍ፦ የ34 ጨዋታ ድካም በመጀመሪያው ዙር ምን ያህል ሊመዘን ይገባል?

የዲሲው ደጋፊ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ውድ ወገኖች፣ የአሜሪካና የካናዳ ክለቦች የሚወዳደሩበት ሜጀር ሊግ ሶከር (ኤምኤልኤስ) ከ2027 ጁላይ አጋማሽ ጀምሮ የውድድር ዘመኑን ወደ አብዛኞቹ የአውሮፓ ሊጎች አቆጣጠር አቅርቦ በጁላይ ከፍቶ በሜይ ሊዘጋ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ፣ ከመደበኛው ውድድር በኋላ ሻምፒዮኑን ስለሚለየው ጥሎ ማለፍ፣ ስለ ፕሌይኦፉ፣ የቆየው ክርክር እንደገና ተቀስቅሷል። የቀን አቆጣጠሩ ሲቀየር የጥሎ ማለፉ ሥርዓትም አብሮ ሊታረም ይገባል ብዬ ስለማምን፣ ሐሳቤን በዝርዝር ላቅርብና የእናንተንም ልስማ።

ፕሌይኦፍ ጨርሶ ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ቅሬታዬ በመጀመሪያው ዙር ላይ ነው። ከ2023 ጀምሮ ሊጉ ከተከፈለባቸው ሁለት ምድቦች፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ ኮንፈረንስ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ክለቦች ያልፋሉ፤ ስምንተኛውና ዘጠነኛው በአንድ ጨዋታ ይለያዩና አሸናፊው ከአንደኛው ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም ስምንቱ ጥንዶች ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ያልፋል በሚለው ደንብ ይጫወታሉ። በዚህ ዙር አቻ የሚባል ውጤት የለም። ዘጠናው ደቂቃ በአቻ ካለቀ ተጨማሪ ሰዓት ሳይሰጥ በቀጥታ ወደ መለያ ምት ይኬዳል፤ በመለያ ምት ያሸነፈው ቡድንም አራት ለባዶ ካሸነፈው ቡድን እኩል አንድ ድል ይመዘገብለታል።

ይህ ደንብ በተግባር ምን እንደሚያስከትል ለማየት የ2024ቱን የኦርላንዶ ሲቲና የሻርለት ግጥሚያ መመልከት ይበቃል። ኦርላንዶ በሜዳው 2 ለ 0 አሸነፈ። ሁለተኛው ጨዋታ ሻርለት ላይ 0 ለ 0 ተጠናቀቀና ሻርለት በመለያ ምት 3 ለ 1 አሸነፈ። ሻርለት በ180 ደቂቃ አንድም ግብ ሳያስቆጥር፣ ሁለት ግብም ተቆጥሮበት፣ ከተጋጣሚው እኩል አንድ ድል ይዞ ወደ ሦስተኛው ጨዋታ ሄደ ማለት ነው። በመጨረሻው ኦርላንዶ ከ1 ለ 1 በኋላ በመለያ ምት ቢያልፍም፣ ያ ሦስተኛ ጨዋታ ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን የሚያሳምን ምላሽ አልሰማሁም። በዚያው ዓመት ቫንኩቨር በሎስ አንጀለስ ኤፍሲ 2 ለ 1 ተሸነፈ፣ በሜዳው 3 ለ 0 አሸነፈ፣ በሦስተኛው ደግሞ 1 ለ 0 ተሸነፈ። አራት ግብ አስቆጥሮ ሦስት ብቻ ተቆጥሮበት ከውድድሩ ወጣ።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከየኮንፈረንሱ ስምንት ክለብ ብቻ ይለፍ፤ የመጀመሪያው ዙር በደርሶ መልስ ይካሄድ፤ ድምር ውጤቱ እኩል ከሆነ ደግሞ በሜክሲኮ ሊግ ሩብና ግማሽ ፍጻሜ እንደሚደረገው በመደበኛው የውድድር ዘመን የተሻለ ደረጃ የያዘው ክለብ ይለፍ። ያን ጊዜ የመደበኛው ውድድር ሰላሳ አራቱ ጨዋታዎች በጥሎ ማለፉ ውስጥ በሚታይ መልኩ ዋጋ ያገኛሉ። ይህን የምለው የክለቤን ጥቅም ለማስጠበቅ እንዳልሆነም ይታወቅልኝ፤ ዲሲ ዩናይትድ በ2024 በ40 ነጥብ ከአትላንታ ጋር እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት ዘጠነኛነቱን ያጣ ክለብ ነው። ያለፍነው እኛ ብንሆን ኖሮም ሐሳቤ ይኸው ነበር።

---

ቀይና ጥቁር (አትላንታ፣ ጆርጂያ)

ወንድሜ የዲሲው፣ ጽሑፍህ በእርጋታ የተጻፈ ስለሆነ እኔም በእርጋታ እመልሳለሁ፤ ነገር ግን ያቀረብከው ደንብ በእኛ ላይ ምን ሊያደርግ ይችል እንደነበር ሳትናገረው አልፈሃል።

በ2024 ኢንተር ማያሚ በ74 ነጥብ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። እኛ 40 ነጥብ ይዘን፣ ሞንትሪያልን በሜዳው ከ2 ለ 2 በኋላ በመለያ ምት አሸንፈን ገጠምነው። የመጀመሪያውን ማያሚ በሜዳው 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሁለተኛውን እኛ በሜዳችን 2 ለ 1 አሸነፍን። ስምንት ክለብ ብቻ ይለፍ ያልከውን ለጊዜው ብንተወው እንኳ፣ አንተ ባልከው የደርሶ መልስ ደንብ ድምሩ 3 ለ 3 ስለሆነ ማያሚ እዚያው አልፎ ነበር። እኛ ግን ሄደን፣ በእነሱ ሜዳ፣ በእነሱ ደጋፊ ፊት 3 ለ 2 አሸንፈናል። በሦስቱ ጨዋታ ስድስት ግብ አስቆጥረን አምስት ተቆጥሮብናል፤ ማንም መለያ ምት አልመታም። ይህን የመሰለ ጥርት ያለ ድል የሚሰርዝ ደንብ ፍትሐዊ ነው ብዬ ልቀበል አልችልም።

የሁለተኛው ጨዋታ ዕለት ከልጆቼ ጋር ስታዲየም ነበርኩ። እረፍት ላይ በዳቪድ ማርቲኔዝ ግብ እየተመራን ነበር። ዴሪክ ዊሊያምስ ሲያስተካክል የተሰማው ጩኸት የእፎይታ ጩኸት ነበር፤ ሻንዴ ሲልቫ በባከነው ሰዓት ከሳጥኑ ጠርዝ ሁለተኛዋን ሲያስቆጥር ግን ፊትና ኋላችን የማናውቃቸው ሰዎች ልጆቼን እያቀፉ ያነሡ ነበር። ያ ምሽት የተገኘው ዘጠነኛ ወጥቶ ለመጀመሪያው ዙር የበቃ ክለብም በሜዳው አንድ ጨዋታ እንዲያደርግ ደንቡ ዋስትና ስለሰጠው ነው።

ደግሞ አንርሳ፤ ሦስተኛው ጨዋታ የሚካሄደው በተሻለው ክለብ ሜዳ ነው። ማያሚ ሁለት ጊዜ በሜዳው ተጫውቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ብልጫ ይሰጠው? ማቲያስ ሮሃስ ቀድሞ አስቆጥሮላቸው እየመሩ ነበር፤ ጃማል ቲያሬ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ግብ ሲያገባባቸው ተከላካዮቻቸው የት ነበሩ? ሜሲ በጭንቅላት ገጭቶ 2 ለ 2 ካደረገው በኋላም ጊዜ ነበራቸው፤ ባርቶሽ ስሊሽ ነው የጨረሰው። በስምንት ወር የተሰበሰበ ነጥብ በዚያ ምሽት የተሠራን ስህተት እንዲከፍል መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም።

---

የመርካቶ ልጅ (አዲስ አበባ)

እዚህ አዲስ አበባ የምንከታተለው ሌሊቱን ነቅተን፣ ሊነጋጋ ሲል ስለሆነ የምትጽፉትን በጉጉት አነባለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። በእኛ ፕሪሚየር ሊግ ሰንጠረዡን የመራ ዋንጫውን ያነሣል፤ በእንግሊዝም፣ በስፔንም እንዲሁ ነው። ታዲያ 74 ነጥብ የሰበሰበ ክለብ ሻምፒዮን ካልተባለ፣ 34 ጨዋታ ለምን ይደረጋል? ከዚህ ቀደምም ሎስ አንጀለስ ኤፍሲ በ2019 በ72 ነጥብ፣ ኒው ኢንግላንድ በ2021 በ73 ነጥብ ክብረ ወሰን ሰብረው ሁለቱም ለፍጻሜ እንኳ አልደረሱም። በ2009 ደግሞ ሪያል ሶልት ሌክ ከድሉ ሽንፈቱ በልጦ፣ 11 አሸንፎ 12 ተሸንፎ፣ ዋንጫውን አንሥቷል። ይህ ለእኔ የሊግ ሻምፒዮን ትርጉም አይደለም። ሰፖርተርስ ሺልድ የሚባለውን፣ ሰንጠረዡን ለመራ ክለብ የሚሰጠውን ሽልማት፣ ዋናው ዋንጫ ማድረግ ምን ያስቸግራል?

---

ሰንጠረዥ ተመልካች (ሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ)

ወንድሜ የመርካቶ ልጅ፣ የሚያስቸግረው ሰንጠረዡ ራሱ እኩል ሚዛን ስላይደለ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በለንደን የምታውቀው ሊግ እያንዳንዱ ክለብ ከእያንዳንዱ ክለብ ጋር በሜዳውና ከሜዳው ውጪ የሚገናኝበት ነው፤ የሰንጠረዡ ክብርም ከዚያ የመነጨ ነው። እዚህ ግን በ2025 ሊጉ 30 ክለብ ነበረው፤ አሥራ አምስቱ በምሥራቅ፣ አሥራ አምስቱ በምዕራብ። አንድ የምሥራቅ ክለብ ከኮንፈረንሱ 14 ክለቦች ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ይጫወትና 28 ጨዋታ ይሞላል፤ የቀሩት ስድስት ጨዋታዎች ብቻ ከምዕራብ ክለቦች ጋር ናቸው። ስለዚህ ዘጠኝ የምዕራብ ክለቦችን ዓመቱን ሙሉ በሊጉ አያያቸውም። ፊላደልፊያ በ66 ነጥብ ሺልዱን ሲወስድ ከምዕራቡ ክለቦች የሚበዙትን ሳይገጥም ነው። ይህን የፊላደልፊያን ድካም ለማሳነስ አልጻፍኩትም፤ ሁለት የተለያየ ፈተና የወሰዱ ተማሪዎችን በውጤታቸው ብቻ ማወዳደር እንደማይቻል ለማስታወስ እንጂ።

ሁሉንም ከሁሉም ጋር በደርሶ መልስ ለማጋጠም 58 ጨዋታ ያስፈልጋል፤ ይህ አይታሰብም። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ይገናኙ ቢባል ደግሞ 29 ጨዋታ ይሆናል፤ ግን ማን በሜዳው ተጫወተ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ከቫንኩቨር ማያሚ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ በአውሮፕላን የሚኬድበት አገር ላይ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ሌላው ምክንያት መውረድና መውጣት አለመኖሩ ነው። በእንግሊዝ አሥራ ሰባተኛው ክለብ እስከ መጨረሻው ሳምንት የሚታገለው ላለመውረድ ነው። እዚህ የሚወርድ ስለሌለ፣ ፕሌይኦፍ ባይኖር የሊጉ ግማሽ ከኦገስት በኋላ የሚጫወትለት ነገር ያጣ ነበር። ስለዚህ ጥሎ ማለፉ ሊቀር አይችልም፤ ጥያቄው የዲሲው ወንድማችን እንዳለው መልኩ ምን ይሁን የሚለው ነው። በእኔ አመለካከት ከ30 ክለብ 18ቱ ማለፋቸው ራሱ የመደበኛውን ውድድር ክብር የሚቀንስ ዋናው ቀዳዳ ነው። በ40 ነጥብ የሚያልፍ ክለብ ካለ፣ ከሦስት ጨዋታ ሁለት ይሁን ደርሶ መልስ ይሁን ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

---

አርኤፍኬ 96 (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ልጆቼ፣ ይህን ሊግ ከተመሠረተበት ከ1996 ጀምሮ ስለተከታተልኩት ጥቂት ላስታውሳችሁ።

በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት በመደበኛው ውድድር ሳይቀር አቻ የሚባል ውጤት አልነበረም። ዘጠና ደቂቃው በእኩል ካለቀ ተጫዋቹ ከግቡ 35 ያርድ ርቀት ላይ ተነሥቶ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ግብ ጠባቂውን እየገጠመ ግብ እንዲያስቆጥር ይደረግ ነበር። ከሌላ አገር እግር ኳስ ወድደን ለመጣን ሰዎች ይህ እጅግ እንግዳ ነገር ነበር፤ ሊጉም ከ1999 በኋላ ተወው። ዛሬ በመጀመሪያው ዙር አቻን መከልከል ያ አስተሳሰብ በሌላ በር ተመልሶ መግባቱ ነው። በዚህ ነጥብ ከዲሲው ልጄ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ነገር ግን የክለባችንን ታሪክ ማወቅም ተገቢ ነው። በ1996 ዲሲ ዩናይትድ 16 አሸንፎ 16 ተሸንፎ በ46 ነጥብ ነበር ወደ ጥሎ ማለፉ የገባው። የዚያ ዓመት ምርጡ ክለብ 58 ነጥብ የያዘው ታምፓ ቤይ ሚውቲኒ ነበር። እኛ ሜትሮስታርስን ከሦስት ጨዋታ በሁለቱ፣ የመጀመሪያውን ተሸንፈን፣ አለፍን፤ ቀጥሎም ታምፓን ሁለቱንም ጨዋታ አሸነፍነው። ፍጻሜው ፎክስቦሮ ላይ በከባድ ዝናብ ተደረገ፤ ሜዳው ላይ ውኃ ቆሞ ኳሷ እየተንሳፈፈች ሎስ አንጀለስ ጋላክሲ 2 ለ 0 መራን። በ73ኛው ደቂቃ ቶኒ ሳኔ በጭንቅላት አንዷን መለሰ፤ ሾን ሜድቬድ አስተካከለ፤ በተጨማሪው ሰዓት በ94ኛው ደቂቃ ማርኮ ኤቼቬሪ ከማዕዘን ያሻማትን ኳስ ኤዲ ፖፕ ገጭቶ ሲያገባት በወቅቱ ደንብ ጨዋታው እዚያው አለቀ። ልጄ ባቀረበው ደንብ ምን ይሆን እንደነበር አላሰላም፤ ግን የክለባችን የመጀመሪያ የሻምፒዮንነት ኮከብ ማሊያው ላይ የተሰፋው አንደኛ ባልወጣንበት ዓመት መሆኑን ልብ እንበል።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን ደግሞ ተመልከቱ። ከ2000 እስከ 2002 ለድል ሦስት ለአቻ አንድ ነጥብ እየተሰጠ አምስት ነጥብ የሞላ ያልፍ ነበር። ከ2003 ጀምሮ ደርሶ መልስ ሆነ። በመካከል ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ግብ ብልጫ እንዲኖረው ተደረገ። በ2019 ሁሉም በአንድ ጨዋታ እንዲያልቅ ተወሰነ። በ2023 ይህ የአሁኑ መጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ሊጉ አንዱን ደንብ ሳያጠነክር ሌላውን ያመጣል። የሜክሲኮ ደጋፊ ሊጊያ፣ የሊጋቸው ጥሎ ማለፍ፣ ምን እንደሆነ ከአባቱ ሰምቶ ያድጋል፤ የእኛ ልጆች ግን በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ደንብ መማር አለባቸው። ከ2027 በኋላ የሚመረጠው የትኛውም ይሁን፣ አንድ ትውልድ እስኪለምደው ድረስ ይቆይ ዘንድ እመኛለሁ።

---

የሲያትል ዝናብ (ሲያትል፣ ዋሽንግተን)

ጋሼ፣ ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን። ያነሡት የመለዋወጥ ጉዳይ ከገንዘቡ ተለይቶ የሚታይ አይመስለኝም።

በ2019ኙ ሥርዓት 14 ክለቦች አልፈው ጠቅላላው ፕሌይኦፍ በ13 ጨዋታ ያልቅ ነበር። በአሁኑ ግን ሁለቱ የመግቢያ ጨዋታዎች፣ ከ16 እስከ 24 የሚደርሱ የመጀመሪያ ዙር ጨዋታዎች፣ አራት የኮንፈረንስ ግማሽ ፍጻሜዎች፣ ሁለት የኮንፈረንስ ፍጻሜዎችና ዋናው ፍጻሜ ሲደመሩ ከ25 እስከ 33 ጨዋታ ይሆናል። ይህ ሥርዓት የተጀመረው በ2023 ነው፤ ለአሥር ዓመት ታስቦ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የተፈረመው የአፕል የሥርጭት ውልም የጀመረው በዚያው በ2023 ነው። ሁለቱ በአጋጣሚ የተገናኙ አይመስለኝም። ለአሠራጩ የሚበዛ ጨዋታ፣ ለክለቡ ቢያንስ አንድ የሜዳ ገቢ የሚያስገኝ ደንብ ተፈለገ፤ ተገኘም። ይህን እንደ ወንጀል አላየውም፤ የአትላንታው ወንድማችን ልጆች ያዩት ምሽትም የዚህ ውጤት ነው። ግን ደንቡ የወጣው ስለ ፍትሕ ታስቦ እንዳልሆነ አውቀን እንነጋገር።

የእኔ ክለብ ሳውንደርስ በዚህ ደንብ ተጠቅሟል። በ2024 ከሂውስተን ጋር የመጀመሪያው ጨዋታ 0 ለ 0፣ ሁለተኛው 1 ለ 1 ነበር፤ ሁለቱንም በመለያ ምት አሸንፈን «ሁለት ለባዶ» አለፍን ተባለ። በ180 ደቂቃ ሂውስተንን አልበለጥነውም፤ እነሱም አልበለጡንም። ስታዲየሙ ውስጥ ደስ ቢለኝም፣ ወደ ቤት ስመለስ ምን እንዳከበርን ለልጄ ማስረዳት ከብዶኝ ነበር።

እኔ የምመርጠው የ2019ኙን ነው፦ አንድ ጨዋታ፣ በተሻለው ክለብ ሜዳ፣ አቻ ከሆነ ሠላሳ ደቂቃ ተጨማሪ ሰዓት፣ ከዚያም መለያ ምት። በዚያ ዓመት ሎስ አንጀለስ ኤፍሲን ያንን ኃያል ቡድን በሜዳው 3 ለ 1 ስናሸንፍ ማንም ደንቡን አልወቀሰም፤ የተሻልን ሆነን ስለተገኘን ብቻ ተጨበጨበልን። ሦስት ጨዋታ መጫወት የተሻለውን ቡድን በእርግጠኝነት አያሳይም፤ ያራዝመዋል እንጂ።

የጊዜው መርዘም ሌላም ጉዳት አለው። በ2024 የመጀመሪያው ዙር ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር ሁለተኛ ሳምንት ተጎተተ፤ ቀጥሎ የብሔራዊ ቡድኖች እረፍት መጣ። ጋላክሲ ኮሎራዶን በሁለት ጨዋታ ካሰናበተ በኋላ ሚኒሶታን እስኪገጥም ከሦስት ሳምንት በላይ ተቀምጧል። እርግጥ ነው 6 ለ 2 አሸንፏል፤ ኒው ኢንግላንድ ግን በ2021 ከ23 ቀን እረፍት በኋላ ተጫውቶ በሜዳው በኒው ዮርክ ሲቲ በመለያ ምት ወድቋል። ዓመቱን ሙሉ ሳምንት በሳምንት የተከታተለ ደጋፊ፣ ውድድሩ ሊጋጋል ሲገባው ለሦስት ሳምንት ሲጠፋበት ስሜቱ ይቀዘቅዛል።

---

ከቶሮንቶ (ቶሮንቶ፣ ካናዳ)

ስለ አንድ ጨዋታ ፍጻሜ የቶሮንቶ ሰው ይጠየቅ። በ2016 የሲያትሏ እህታችን ክለብ በእኛ ሜዳ በ120 ደቂቃ ውስጥ አንድም ኢላማውን የጠበቀ ምት ሳይሞክር በመለያ ምት ዋንጫውን ወስዷል። በቀጣዩ ዓመት ተመልሰን ሺልዱንም፣ ዋንጫውንም፣ የካናዳን ሻምፒዮናም አነሣን፤ ስለዚህ ቂም አልያዝኩም።

ለውይይቱ ማከል የምፈልገው የቤልጂየምን ነው። እነርሱ ከ2009-10 ጀምሮ ከመደበኛው ውድድር በኋላ ነጥቡን በግማሽ ከፍለው ከፍተኛዎቹ ክለቦች እርስ በርሳቸው እንደገና እንዲጫወቱ አደረጉ። ዩኒየን ሳን ዢልዋዝ በ2022 እና በ2024 መደበኛውን መርቶ ሻምፒዮንነቱን በክለብ ብሩዥ ተነጠቀ፤ በ2025 ደግሞ መደበኛውን የመራው ጌንክ ሲሆን ዩኒየን ከ90 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነ። ዘዴው የመደበኛውን ድካም ሙሉ በሙሉ አይጥለውም፤ ግማሹን ይዞ ይሄዳል። ለእኛ ሊግ እንዳለ ባይስማማም፣ «ወይ ሁሉም ወይ ምንም» ከሚለው የተሻለ መንገድ እንዳለ ያሳያል።

---

የዲሲው ደጋፊ

ጋሼ አርኤፍኬ፣ የ1996ቱን ስላስታወሱን አመሰግናለሁ። ታምፓን ያሸነፍነው ግን በሜዳ ላይ፣ በንጹሕ ውጤት ነው፤ ባቀረብኩት ደንብም ሁለቱንም ጨዋታ ያሸነፈ ክለብ ያልፋል። ደንቡ የሚናገረው እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው።

ለአትላንታው ወንድሜም በቀጥታ ልመልስ። አዎን፣ በእኔ ደንብ ማያሚ በ3 ለ 3 ድምር ያልፍ ነበር። ይህን ሳልናገር ያለፍኩት ለመደበቅ ሳይሆን የደንቡ ዓላማ ራሱ ስለሆነ ነው። በ34 ነጥብ የሚበልጥህን ክለብ በሁለት ጨዋታ ካልበለጥከው፣ ከእርሱ ተሽለህ ተገኝተሃል ማለት አይቻልም። ሁለተኛው ጨዋታ በተሻለው ክለብ ሜዳ ቢሆንና ደንቡን አስቀድማችሁ ብታውቁ ኖሮ፣ አንድ ግብ ለመብለጥ የምትጫወቱበት ሁኔታ ሌላ ይሆን ነበር። በመለያ ምት ከሚወሰን ይልቅ ማጥቃት ግድ የሚሆንበት ተጋጣሚ መኖሩ ለተመልካችም የተሻለ ነው።

የሰንጠረዥ ተመልካች ወንድማችን ያነሣው የተጋጣሚ አለመመሳሰልም እኔን አይቃወመኝም። የመጀመሪያው ዙር በአንድ ኮንፈረንስ ውስጥ ባሉ ክለቦች መካከል ነው የሚደረገው፤ እነዚህ ደግሞ ከ34 ጨዋታ 28ቱን በተመሳሳይ ተጋጣሚዎች ላይ ተጫውተዋል። በመካከላቸው ያለውን የደረጃ ልዩነት መጠቀም ከምንም በላይ ፍትሐዊ የሚሆነው በዚህ ዙር ነው። በዋናው ፍጻሜ ላይ ይህን ደንብ አልጠይቅም።

---

ቀይና ጥቁር

የመጨረሻው አንቀጽ አሳማኝ ነው፤ በኮንፈረንስ ውስጥ ያለው ንጽጽር እንደሚሻል አልክድም። ግን የጽናት ጉዳይ ቀርቷል። በ2025 ማያሚ ናሽቪልን የመጀመሪያውን 3 ለ 1 አሸንፎ ሁለተኛውን 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ ሦስተኛውን ግን 4 ለ 0 አሸንፎ፣ ቀጥሎ ሲንሲናቲን 4 ለ 0፣ ኒው ዮርክ ሲቲን 5 ለ 1፣ በፍጻሜው ቫንኩቨርን 3 ለ 1 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ያ ቡድን ማንነቱን ያገኘው በዚያ ሦስተኛ ጨዋታ ነው ብዬ አምናለሁ። ከኋላ ተነሥቶ የሚመጣ ቡድን እንዲኖር የሚያደርግ ነገር ሁሉ ለሊጉ ሀብት ነው።

---

የመርካቶ ልጅ

ስለ ተጋጣሚ አለመመሳሰሉ የተሰጠኝን ማብራሪያ አንብቤያለሁ፤ አመሰግናለሁ። ሌላ ልጠይቅ። ፕሌይኦፉ ወደ ሜይ ሲዛወር የሲያትሏ እህታችን ያነሣችው የኖቬምበሩ እረፍት ይቀራል? በ2027 መጀመሪያ ለመሸጋገሪያ የሚደረገው አጭሩ ውድድርስ?

---

የሲያትል ዝናብ

በሜይ የብሔራዊ ቡድኖች የጨዋታ መስኮት ስለሌለ፣ ጥሎ ማለፉ ሳይቋረጥ ሊካሄድ ይችላል። በዚህ ምክንያት የቀን ለውጡን እደግፋለሁ። በእርግጥ በሜይ የቅርጫት ኳሱ የኤንቢኤ ፕሌይኦፍ አለ፤ የአውሮፓ የክለቦች ፍጻሜዎችም አሉ፤ የተመልካች ሽሚያው ቀላል አይሆንም። ስለዚህ አጭርና ጥርት ያለ ጥሎ ማለፍ ያስፈልጋል የምለው አሁን ይበልጥ ነው።

አጭሩ ውድድር ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ 2027 የሚደረግ ሲሆን መደበኛው ክፍሉ 14 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፕሌይኦፍ ይኖራል። እዚህ ላይ ነው የዲሲው ወንድማችን ደንብ የሚፈተነው። በ14 ጨዋታ የተገኘ የሁለት ነጥብ ብልጫ፣ በድምር እኩል የሆነን ክለብ ለማሰናበት ይበቃል? እኔ አይበቃም እላለሁ።

---

የዲሲው ደጋፊ

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ደንቡን የማቀርበው ክለቦች በኮንፈረንሳቸው ካሉት ጋር በደርሶ መልስ ተገናኝተው ለጨረሱበት ሙሉ ውድድር ነው። በአጭሩ ውድድር ከግማሽ የሚበልጡትን ተጋጣሚዎች በሁለቱም ሜዳ ማግኘት ስለማይቻል፣ ያኔ እርስዎ ያሉት የአንድ ጨዋታ ሥርዓት፣ ከተጨማሪ ሰዓቱ ጋር፣ ይሁን። በሜይ 2028 በሚደረገው የመጀመሪያው ሙሉ ውድድር ፕሌይኦፍ ግን ደርሶ መልሱ ይጀመር።

---

ቀይና ጥቁር

አንድ ማሻሻያ ከተቀበልክልኝ እኔም ከዚህ በላይ አልቃወምም። ድምሩ እኩል ሲሆን የደረጃው ደንብ ወዲያው አይሥራ፤ አስቀድሞ በሁለተኛው ጨዋታ መጨረሻ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጥ፤ በ210ኛው ደቂቃም እኩል ከሆኑ ያን ጊዜ የተሻለ ደረጃ ያለው ይለፍ። ዝቅ ያለው ክለብ ግብ ፈልጎ የሚጫወትበት ያ ሠላሳ ደቂቃ እስካለ ድረስ፣ የ2024ቱ አትላንታ በማያሚ ሜዳ፣ ፎርት ሎደርዴል ላይ፣ ያደረገውን ሊያደርግ ይችላል።

---

አርኤፍኬ 96

ይህን እኔም እደግፋለሁ። ሁለተኛው ጨዋታ በተሻለው ክለብ ሜዳ መሆኑ ደግሞ በደንቡ በግልጽ ይጻፍ፤ በ2003 ደርሶ መልሱ ሲጀመር ከሁሉም በላይ የጠቀመው እርሱ ነበር።